ግራጫው ለሁሉም፣ ነጩ ለአንድ ሰው

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሁሉም «ሁለት እርሳስ» ነው የሚሏት። በቀኝ ጆሮዋ ላይ ግራጫ እርሳስ፣ በግራ ጆሮዋ ላይ ቀይ እርሳስ ሰክታ ስለምትውል ነው። አንድ ቀን ሁለቱንም እንደሰካች ረስታ ገበያ ብትወጣ፣ ቲማቲም ሻጯ ትክ ብላ አይታት አይታት ሲያበቃ፣ «እትዬ፣ ቀንዱ መቼ በቀለ?» አለቻት። ቤቷ ገብታ ለባሏ ብትነግረው ሳቅ ገደለው። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ከሥራ ስትመለስ በሩን የሚከፍትላት «ቀንድሽን ዝቅ አድርገሽ ግቢ» እያለ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ገጽ ስታቀና ኖራለች። የሠርግ ጥሪ በሉት፣ ደረሰኝ በሉት፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በሉት፣ በእጇ ያላለፈ ወረቀት የለም። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የምትለዋን መስመር በየመጽሐፉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፈቻት እሷም አታውቀው። ሰው ደጅ ሲያልፍ «ደህና ዋላችሁ» እንደሚለው ሁሉ፣ ልቧ ሳያስበው ጣቷ ብቻ ይጽፋታል።

ታዲያ ከአራት ዓመት በፊት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣና ያቺን መስመር አስጠፋት። ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጨዋታ ነፍሱ ነው። በገበታ ላይ ጠጠር እየተገፋ፣ ዳይስ እየተጣለ የሚጫወቱትን ጨዋታ ከነመጽሐፉ እናሳትማለን አለ። ያውም በክፍት ፈቃድ። ሲያስረዳትም እንዲህ ነበር ያላት፦ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ይኖራል። የጨዋታው ሕግ ለሁሉም የተሰጠ ነው፤ ማንም ወስዶ የራሱን ጨዋታ ሊሠራበት ይችላል። ታሪኩ፣ ስሞቹ፣ ሥዕሎቹና ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር ደግሞ የደራሲው ነው፤ አይነካም። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ገጽ፣ አንዳንዴም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተቃቅፈው መተኛታቸው ነው። ድንበሩ ካልታየ ጨዋው ሰው ፈርቶ ምንም አይወስድም፣ ዓይን አውጣው ደግሞ ሁሉንም ጠራርጎ ይሄዳል።

ድንበሩን ያበጀችው እሷ ናት። ክፍት የሆነው ሁሉ ከበስተኋላው ሳሳ ያለ ግራጫ ተቀባ፤ የተጠበቀው በነጭ ወረቀት ላይ ቀረ። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የሚሰፍረውን ማሳሰቢያም በራሷ ቋንቋ ጻፈችው፦ «በግራጫ ላይ ያለውን ማንም ይቅዳው፣ ይለውጠው፣ ይሽጠው፤ ማንንም አይጠይቅ፣ ከየት እንዳገኘው ብቻ ይጻፍ። ይህ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። በነጭ ላይ ያለው የደራሲው ነው።» ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ሲጨርስ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልነካባትም። እሷም ያን ቀን ቤቷ የገባችው እየተንሳፈፈች ነው።

የትኛው ግራጫ፣ የትኛው ነጭ እንደሆነ የምትለይበት ብልሃት ደግሞ ቤቷ ውስጥ ነበር። ባሏ መጋረጃ ሰፊ ነው። ከልብስ ስፌት መኪናው ሲነሣ አንድ ነገር ካላሸነፈ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ረቂቁን እራት በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና አብራው ትጫወታለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር በመዳፏ ትሸፍናለች። ጨዋታው ሳይናጋ ከቀጠለ፣ የተሸፈነችው ጌጥ ናት፤ ቀይ እርሳስ፣ ነጭ ወረቀት። ባሏ ግራ ገብቶት «አሁን ምን ላድርግ?» ካለ ግን ሕግ ናት፤ ግራጫ። «ስድስት የጣለ ይደግማል» የምትለዋን ስትሸፍንበት ሰውዬው ሊጣላት ምንም አልቀረውም። «የአሮጌው ባቡር ጥሩምባ ጉንፋን እንደያዘው ፍየል ይጮኻል» የሚለው ሲሸፈን ግን መሸፈኑንም አላወቀ። በዚህ ዘዴ ስድስት መጽሐፍ አወጡ፤ አንድም ሰው ቅሬታ አላሰማ። እሷም በዘዴዋ ትንሽ ኮራ ማለት ጀምራ ነበር።

ሰባተኛውን ጨዋታ ይዘው የመጡት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው።

ሠላሳ አራት ዓመት ከአገር አገር ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ደብተር ከብብታቸው አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። የጨዋታው ስም «መናኸሪያ» ነው። ተጫዋቾቹ መንገደኞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሻንጣ አላቸው። ጎማ ይፈነዳል፣ ድልድይ ይሰበራል፣ ረዳቱ መልስ የለኝም ይላል። በመንገዱ ላይ በየቦታው አንዲት ሻንጣ ጠጋኝ አለች። የተቀደደ ሻንጣ ይዞ የመጣውን ትቀበላለች፣ ትሰፋለታለች፣ በመርፌዋም በምላሷም ትወጋዋለች።

ሻንጣ ጠጋኟ ባለቤታቸው ነበሩ። ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሹፌሩ ይህን የተናገሩት መስኮቱን እያዩ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው። ደብተሩ ውስጥ ሰባት ቦታ ላይ ትናገራለች፤ ሰባቱም ሴትዮዋ በሕይወት ሳሉ ያሏቸው ነገሮች ናቸው። ከዚያ አንዲት ነገር ብቻ ለመኗት።

«ሕጉን ሁሉ ስጪው፤ መንገድ የማንም ነው» አሏት። «እሷ ያለችኝን ግን ለኔ ተይልኝ፣ እህቴ።»

እሷም «እሺ ጋሼ፣ አያስቡ» አለች፤ ቀዩን እርሳስ ከጆሮዋ ላይ እያወረደች።

ስድስቱ ቦታዎች አላስቸገሩም። ሰባተኛው፣ አርባ አንደኛው ሳጥን ላይ ያለው፣ ሌላ ጉድ ሆኖ ተገኘ። ተጫዋቹ ሻንጣው ተቀድዶ ጠጋኟ ደጅ ይደርሳል። እሷም እንዲህ ትለዋለች፦ «ና ወዲህ፤ ሻንጣህን አምጣው፣ እግርህን ዘርጋ። ሰፍቼ እስክጨርስ የትም አትሄድም።» ደብተሩ ላይ ያለው ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ በታች «አንድ ተራ ያልፈዋል» የሚል ነገር የለም። ባሏ አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ንግግሩን በመዳፏ ሸፈነችው፤ ሰውዬው ዳይሱን አንሥቶ ጉዞውን ቀጠለ። መዳፏን አነሣች፤ ዳይሱን መልሶ አስቀመጠ። «አትሄድም ተብያለሁ እኮ» አላት። እንግዲህ የሴትዮዋ ቃል ራሱ ሕጉ ነበር። ብልሃቷ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

ምን መደረግ እንዳለበት አላጣችውም። ለሕጉ አንዲት ደረቅ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ግራጫ ማድረግ፣ የሴትዮዋን ቃል ነጭ ላይ መተው ነው። ደረቋን ዓረፍተ ነገር ግን ያለ ሹፌሩ ልትጽፍ አልፈለገችም፤ ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ አለች። እስከዚያው ሕግ እንዳለበት እንዳትዘነጋው ብላ አንቀጹን በሙሉ ለጊዜው ግራጫ ቀባችው። በማግሥቱ የአምስት ድርጅት ቀን መቁጠሪያ በአንድ ላይ ወረደባት። ሳምንት ሙሉ ቀናትን ስትደረድር ከርማ ወደ «መናኸሪያ» ስትመለስ፣ ለጊዜው የተቀባው ግራጫ ከሌላው ግራጫ በምንም አይለይም ነበር። ዓይኗ አለፈው። ሹፌሩም መጥተው ረቂቁን በአፍንጫቸው ልክ አስጠግተው ካገላበጡ በኋላ ወረቀቱን መለሱላት፤ ይኼ ግራጫ የምትሉት ነገር ለኔ አይታየኝም፣ ያንቺ ዓይን ይበቃኛል ብለዋት ሄዱ።

ሦስት መቶ ቅጂ ታተመ። አርባው በየሱቁና በየቤተ መጻሕፍቱ ተበተነ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲሱን መጽሐፍ ከነገበታው ቤቷ ይዛ መጣችና ከባሏ ጋር ለሥራ ሳይሆን ለደስታ ሊጫወቱ ተቀመጡ። ሰውዬው ቀናው፤ በቀናው ቁጥር ደግሞ እንደ ሹፌር ጥሩምባ ይነፋል። አርባ አንድ ላይ ደረሰ። ሻንጣ ጠጋኟን በሴት ድምፅ እያስመሰለ አነበበላት። እሷም መሳቅ ጀምራ ነበር። ሳቋ ግማሽ ላይ ቆመ። ገጹን ከእጁ ቀማችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ግራጫ።

«ምን ሆንሽ? ተሸነፍኩ ብለሽ ነው?» አላት ባሏ።

ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰችና ራሷ የጻፈችውን ማሳሰቢያ እንደ እንግዳ ሰው አነበበችው። አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። የሹፌሩን አንዲት አደራ በገዛ እጇ ለዓለም ሰጥታበታለች።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ራሱን አከከ፣ ቀጥሎ በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የተናገረውም ለእሷ አዝኖ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ማን ልብ ይላታል አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ሰውዬው እኮ ግራጫውን አያዩትም» አላት።

እውነቱን ነው። ካልነገረቻቸው እስከ መቼም አያውቁም። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሐሳብ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ይዛው ዞረች። ሥራ ላይ ትቆረቁራታለች፣ ታክሲ ውስጥ ትቆረቁራታለች። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ አያዩትም መባሉ እንዲያውም ይብስ የሚያሳፍር ነገር ሆኖ ታያት። «ያንቺ ዓይን ይበቃኛል» ያላትን ሰው በዚያው ዓይን ማታለል ሊሆን ነው። መጽሐፉን በቦርሳዋ ከትታ ሄደች።

ሹፌሩ የሚኖሩት ምድር ቤት ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት መቀመጫ አላቸው፤ አንዱ የእንጨት ወንበር፣ አንዱ ካረጀው አውቶቡሳቸው ተነቅሎ የመጣ የተሳፋሪ ወንበር። እንግዳ የሚቀመጠው በአውቶቡሱ ወንበር ላይ ነው። ከአልጋው ሥር ቡናማ ሻንጣ ይታያል፤ ማዕዘኖቹ ሁሉ በአረንጓዴ ክር ተሰፍተዋል፣ ስፌቱ ደግሞ ጥርስ እንጂ ስፌት አይመስልም። ሻይ ሊጥዱ ሲነሡ አስቆመቻቸው። ተቀምጣ መናገር ስላቃታት ቆማ ነገረቻቸው፤ የመዳፉን ብልሃት፣ ለጊዜው ብላ መቀባቷን፣ ቀን መቁጠሪያውን፣ አርባውን ቅጂ። ምንም አላስቀረችም።

እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ ማሳሰቢያውን አንብቢልኝ አሏት። አነበበችላቸው። «አይመለስም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

«ስድስቱን ጠብቀሻል» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ማታ ማታ ጆሮዬ ላይ የምትለኝ ግን ሰባተኛዋን ነው።»

አልጮኹባትም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር። «በይ ሂጂ አሁን» ብቻ አሏትና በሩን ራሳቸው ከፈቱላት።

መጋዘን ውስጥ የቀሩት ሁለት መቶ ስድሳ ቅጂዎች ነበሩ። ቢያንስ እነሱን አለች። ለሕጉ ደረቅ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፤ በግራጫ። የሴትዮዋን ቃል በነጭ ወረቀት አሳተመችና ሁለቱም ያሉበትን ስስ ቁራጭ አርባ አንደኛው ሳጥን አንቀጽ ላይ በእጅ ለጠፈች። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ፣ አንድ በአንድ። ሥራ አስኪያጁም ጃኬቱን አውልቆ ሙጫ ይቀባ ጀመር። ሁለተኛው ቀን ላይ ባሏ ስፌቱን ትቶ መጣ። ሃምሳውን አየና ሠላሳው ጠሟል ብሎ አስነቀላቸው። «መጋረጃ ቢሆን ባለቤቷ ፊቴ ላይ ትጥልልኝ ነበር» አለ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። የእጇ ጣቶች እርስ በርሳቸው እስኪጣበቁ ድረስ ለጠፈች።

አርባው ግን አርባ ነው። ከወጣ ወጣ። ሱቆቹን ብታስጠይቅ ግማሹ ተሽጧል፤ የቀረውንም ብትሰበስብ፣ ያነበበ ሰው ፈቃዱን ይዞ ሄዷል።

ደብዳቤው የመጣው ልጥፉ ባለቀ በአሥረኛው ቀን ነው። አድራሻው ለማተሚያ ቤቱ ነው፤ «መናኸሪያ» የሚለውን ሲያይ ሥራ አስኪያጁ ሳይከፍተው አመጣላት። የጻፈችው ሴት አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች እንደገና መራመድ በሚለማመዱበት ክፍል ውስጥ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ሁለት እርሳስ ሁለቱን ገጽ አንብባ ስትጨርስ ኮቷን ለበሰች። ምሳ ሰዓት አልደረሰም፤ ማንም ወዴት ነው አላላትም።

ሹፌሩ በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ላይ ምንም አላነበበችም። ግቢ አሏት። መጀመሪያ የታረመውን መጽሐፍ ሰጠቻቸው፤ አርባ አንድ ላይ ከፍታ። ወደ አፍንጫቸው ሊያስጠጉት ሲሉ ጣታቸው ቀደማቸውና ልጥፉ ላይ ቆመ። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዞሩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

«ይኼ ይታወቀኛል» አሉ። «ያ ግራጫሽ አይታየኝም ነበር። ይኼ ግን በጣቴ ይታወቀኛል። እዚህ ጋ ናት ማለት ነው።»

«አዎ ጋሼ። እዚያ ጋ ናቸው።»

ከዚያ ደብዳቤውን አነበበችላቸው። ባለሙያዋ ከአርባው ቅጂዎች አንዱን ገዝታ፣ ግራጫውን ሁሉ ወስዳ ሌላ ጨዋታ ሠርታበታለች። ሳጥኖቹን በክፍሉ ወለል ላይ በሰፊው ሥላቸዋለች፤ ጠጠር የለም፣ ታማሚዎቹ ራሳቸው በክራንቻቸው ከሳጥን ሳጥን ይሄዳሉ። ከልምምድ የሚሸሹት ሁሉ አሁን ተራዬ ነው እያሉ ይጨቃጨቃሉ ትላለች። ፈቃድ ልትጠይቅ አልጻፈችም፤ ማሳሰቢያው አትጠይቁ ስለሚል። የጻፈችው ለሌላ ነገር ነው። ያንን አንቀጽ ሁለት እርሳስ ቀስ ብላ አነበበችው።

«አርባ አንደኛው ሳጥን ላይ ስደርስ እጄ አልሄደም። ግራጫ ላይ ነው ያለው፤ መውሰድ እንደምችል አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ለአንድ ሰው የተናገረው መሰለኝ። ስለዚህ ‹እዚህ የደረሰ አንድ ተራ ይረፍ› ብዬ በራሴ ቃል ጻፍኩትና ያንን እንዳለ ተውኩት። ባለቤቱ ካለ፣ እንዳልነካሁት ንገሩልኝ።»

ሹፌሩ አንዴ ይደገም እንኳ አላሉም። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አውራ ጣታቸው ልጥፉ ላይ እንዳለ ቆዩ።

«በክራንች ነው የሚሄዱት አልሽ?»

«በክራንች ነው። አንዳንዱ ሰው ተደግፎ።»

«ታዲያ እነሱ ናቸዋ እግርህን ዘርጋ መባል ያለባቸው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ከዚያም ቀና ብለው፣ ሰባተኛዋን ለዚያች ሴት ስጫት አሏት።

ሁለት እርሳስ ከልማዷ እጇን ወደ ቀኝ ጆሮዋ ላከች። ግራጫውን አውርዳ፣ ከዚህ በኋላ ለሁሉም ክፍት ይሁን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አይደለም አሉ። ነጭ እንደሆነ ይቅር፣ ልጥፉም እንዳለ ይሁን። ለሁሉም አይደለም፤ ለእሷ ብቻ ነው፤ መውሰድ እየቻለች ለተወችው። ሁለት እርሳስ ግራጫውን በአንድ እጇ፣ ቀዩን በሌላ እጇ ይዛ ቀረች። ለዚህ ዓይነቱ የሚሆን እርሳስ አልነበራትም። ሁለቱንም ወደ ጆሮዋ መለሰችና ከቦርሳዋ ተራ ስክሪብቶ አወጣች፤ እርስዎ ይበሉ፣ እኔ ልጻፈው አለች።

ሹፌሩ ስክሪብቶውን ከእጇ ወሰዱ።

«የሷን ቃልማ እኔ ነኝ የምጽፈው። አንቺ እዚያ ላይ ቁጭ በይ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉና አፍንጫቸው እስኪነካው ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያዋን ፊደል ለመጻፍ ብቻ ያለፈው ጊዜ ሌላ ሰው አንድ ገጽ ይጨርስበታል። እሷም ጠረጴዛዋ ላይ የሚጠብቃትን የቀን መቁጠሪያ ሥራ አስታውሳ፣ ሰዓቷን ሰረቅ አድርጋ አየች። ባያዩዋትም አወቁባት።

«እግርሽን ዘርጊ» አሏት፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሡ። «ጽፌ እስክጨርስ የትም አትሄጂም።»

በአውቶቡሱ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተደገፈችና እግሯን ዘረጋች።